ማዙ ሦስት ጊዜ እሺ ያለችው ጉዞ

ሰኞ፣ ጁላይ 1

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ አለቃዬ ዳይሬክተር ፋንግ እናቱ ካልፈቀዱለት አውሮፕላን አይሳፈርም። እናቱ ደግሞ የባሕር ጠባቂዋ እንስት አምላክ ማዙ ካልፈቀደችላቸው አይፈቅዱም። በዚህ ቢሮ የሚበላሸው ጉዞ ሁሉ የሚበላሸው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ዛሬም እንደ ወትሮው። የማኒላው ጉዞ እንደገና ተቀየረ። ቲኬቱ ተቆርጦ፣ ሆቴሉ ተይዞ፣ የግብዣው ደብዳቤ መጥቶ... ጠዋት ብቅ አለና የበሩን መቃን ተደግፎ፣ «ሐሙስ አይሆንም። ማዙ ፊቷን አዙራለች» አለኝ። አየር መንገዱም ፊቱን እንደሚያዞር ማን ይንገራት?

የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር የምልከው እኔ ነኝ። ቪዛው፣ ቲኬቱ፣ መኝታው፣ ኢንሹራንሱ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የሚቀበለው ሰው። ከጂኦግራፊ አስተማሪነት ጡረታ ወጥቼ፣ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት የያዝኩት ሥራ ነው። ሥራውን እወደዋለሁ። ሰውየውን አልወደውም። አልወደውም ማለት ያንሳል... እጠላዋለሁ። እዚህ ብጽፈው ማንን ይጎዳል?

በዚህ ከተማ ዓሣ ሻጩም ፖሊሱም «መምህር» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ፋንግ ብቻ «አንተ» ይለኛል። በአባቱ ዕድሜ ያለሁትን ሰው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ፓን ዩንሩ መጣች። የዓሣ እርባታ ክፍል መምህርት ናት። ሰባተኛ ክፍል ሳለች አስተምሬያታለሁ፤ ካርታ ስትሥል ወንዙን ከባሕር ወደ ተራራ ታስፈስስ ነበር። ዛሬ የሽሪምፕ ኩሬ በሽታ ታስተምራለች። ሰው እንዲህ ነው።

«ክፍላችን ሊዘጋ ነው፣ መምህር» አለች፣ ሳትቀመጥ።

የማይታወቅ ነገር አይደለም። ልጅ የሚወልድ ጠፋ፣ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። የፌብሩዋሪ ተማሪ ካላገኙ ቦርዱ ኦክቶበር ላይ ይዘጋዋል። እሷም፣ ኩሬዎቹም፣ ሁሉም... ግን መንገድ አግኝታለች። እናቷ የሲንግካዋንግ ሰው ናቸው፣ ከኢንዶኔዥያ በትዳር የመጡ። እዚያ ያለ የዓሣ ሙያ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቤ ልጠብቃችሁ ብሏል።

«ወላጆቹ የእናቴን ቋንቋ ነው የሚናገሩት። ሃካ። አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። ቁጭ ብሎ ማውራት ብቻ ነው።»

«የሚላከው አንድ ሰው ነው» አልኳት። «ወይ አንቺ፣ ወይ ፋንግ።»

«እሱ ሄዶ ምን ይላቸዋል?»

«ስለ ራሱ ይነግራቸዋል።»

ሳቀች።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ ሰጥቷል። የጁላይ መጨረሻ፣ ወይም ከነጻነት በዓላቸው በኋላ፣ ከኦገስት 19 ጀምሮ።

ዓርብ፣ ጁላይ 5

የሙታን ወር፣ የሙታን በር ተከፍቶ መናፍስት በሰው መካከል የሚዞሩበት፣ ውሃ የሚፈራበት ወር፣ ዘንድሮ ኦገስት 4 ይገባል። በሙታን ወር ፋንግ የኩሬ ድልድይ እንኳ አይሻገርም።

ታዲያ ጉዞው ኦገስት ላይ ቢውልስ? ፈርቶ ይቀራል... እሷ ትሄዳለች።

ተንኮል ነው። አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

የጉዞውን ዕቅድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቀኑን ሲያይ አንገቱ ቀላ።

«ኦገስት 19? በሙታን ወር ባሕር ልታሻግረኝ? ልትቀብረኝ አስበህ ነው?»

«ትምህርት ቤቱ የሰጠው ቀን ነው።»

«ጁላይስ?»

«ጁላይ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉበት ነው። በቂ ወላጅ አይገኝም።» ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ...

አሁን «እንግዲያው ፓን ትሂድ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ራሴው ጨመርኩበት፦ «ከፈለጉ መምህርት ፓን አለች።»

«ፓን? እናቷ በጋብቻ ደላላ የመጣች? እሷ ናት ዩኒቨርሲቲያችንን የምትወክለው?»

የሻይ ኩባያዬን ይዤ ነበር። አስቀመጥኩት። «እናቷ በወግ ያገቡ፣ ለዚህ ከተማ የባሕሩን ኦይስተር ከቅርፊቱ ሲፈለፍሉ የኖሩ ሴት ናቸው» አልኩት።

«አንተ ቲኬት ቁረጥ። የዘር ሐረግ አልጠየቅኩህም። እናቴን አነጋግራለሁ።»

ሲወጣ፣ ማተሚያው እንዳይበላሽ እንደ ክታብ ከላዩ የምናስቀምጠውን አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት አቃንቶ ወጣ። ከረጢቱ ጊዜው አልፎበታል። ጊዜው ያለፈ ከረጢት ማሽኑን እንደሚያስቀይመው ከእኔ የበለጠ የሚያምነው እሱ ነው። አልነገርኩትም። ይበላሽበት።

ዓርብ፣ ጁላይ 12

እያፏጨ ገባ።

«ሦስት ጊዜ! በተከታታይ! እናቴ የጥያቄ እንጨቶቹን ወርውራ ማዙ ሦስቴ እሺ አለች። በሙታን ወር! እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም።

ትእዛዙ ወረደ። እሱ ይሄዳል። ፓን እዚሁ የበጋ ካምፑን ልጆች ትጠብቃለች። ማረፊያው ጃካርታ፣ መዋኛ ያለው ሆቴል።

«በሙታን ወር ይዋኛሉ?»

«ማን እዋኛለሁ አለ? በመስኮት አየዋለሁ።»

«ሲንግካዋንግስ? ወላጆቹስ?»

«ጃካርታ መጥተው ያግኙኝ። ምሳ እንጋብዛቸዋለን።»

«መካከሉ ባሕር ነው፣ ዳይሬክተር። የኩሬ ገበሬዎች ናቸው።»

«ለእነሱ አውሮፕላን የለም? አንተ አይደለህ የአውሮፕላን አዋቂ?»

ለዩንሩ በስልክ ነገርኳት። «ይሁን፣ መምህር» አለች። ይሁን የምትለው ነገር ግን የክፍሏ መዘጋት ነው። ይህን ያመጣሁባት እኔ ነኝ? ጁላይን ብመርጥስ ኖሮ? ጁላይንም እሱ ይወስደው ነበር... አይወስደውም ነበር? አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

ለሱላን ነገርኳት። ምጣዱ ላይ ኦይስተርና እንቁላል እያገላበጠች ሰማችኝ።

«ማዙን ላታልል ብለህ ማዙ አታለለችህ» አለች ባለቤቴ።

«እኔ በማዙ አላምንም።»

«እሷም ባንተ አታምንም። ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

ቤተ መቅደስ ሄድኩ። የሄድኩት ወደ ማዙ ሳይሆን ወደ ፋንግ እናት ነው። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለሙታን የሚቃጠለውን ወረቀት ያጥፋሉ። የመጨረሻ ሴት ልጃቸውን አስተምሬላቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ይነሣሉ። ዛሬም እግራቸው እያመማቸው ሊነሡ ሲሉ ያዝኳቸው።

«መምህር! ልጄ አስቀየመዎት፣ አይደል? ፊትዎ የተዘፈዘፈ ፕለም መስሏል።»

«እማማ፣ ስለዚህ ጉዞ ማዙን ምን ብለው ጠየቋት?»

«ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ‹ይህ ጉዞ መልካም ነው ወይ?› አልኳት።»

«ማን እንደሚሄድ ነገሯት? ስሙን? የተወለደበትን ቀን? ወዴት እንደሚሄድ?»

እጃቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ማዙ ፊት ስምህን፣ ልደትህን፣ ሰፈርህንና ጉዳይህን ሳትናገር አይወረወርም። ይህን ሕፃንም ያውቃል።

«አሁን ደግሞ ከማዙ ጋር እንዴት እንደማወራ ሊያስተምሩኝ ነው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄ ሳወጣ ነው የኖርኩት። ጥያቄው ከጎደለ መልሱ የማንም ሊሆን ይችላል።»

ሳቁ። ከፊት አንድ ጥርስ ነው የቀራቸው። «አልነገርኳትም። እውነቱን ልንገርዎት? ቸኩዬ ነው። ከቤት ይውጣልኝ ብዬ። እረፍት ሲሆን ሳሎን ተጎልቶ በአየር ማቀዝቀዣው ይጨቀጭቀኛል። አጥፊው፣ አብሪው፣ አጥፊው...»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዩንሩ፣ ሊዘጋ ስለተቃረበው ክፍል፣ ስለ ወላጆቹ። ተንኮሌንም አልደበቅሁም። ሲሰሙ ቆይተው ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉ።

«በወጉ እጠይቃታለሁ። መልሱን ግን አልጎነጉንልዎትም። እሺ ካለች ልጄ ይሄዳል። እርስዎም አፍዎን ይዘጋሉ።»

«እዘጋለሁ።»

ገባን። የልጃቸውን ስም፣ ልደቱን፣ ጃካርታን፣ ሆቴሉንም ሳይቀር ጮክ ብለው ተናገሩ። ሁለቱ የግማሽ ጨረቃ እንጨቶች ድንጋዩ ላይ ተንከባለሉ። አንዱ በጀርባው አንዱ በሆዱ ቢያርፍ እሺ ነው። ሁለቱም ጎባጣ ጀርባቸውን ሰጡን። እምቢ። ደገሙት። እምቢ።

መዳፌን አልቦኝ ነበር። የማያምን ሰው ምን ያልበዋል?

«አይሄድም» አሉ፣ ጎንበስ ብለው እንጨቶቹን እየለቀሙ። ደስም አላላቸውም፣ አልከፋቸውም።

«ስለ ዩንሩም ይጠይቁልኝ» አልኩ።

«አይሆንም። እሷ የራሷ እናት አለቻት። እናቷ ትጠይቅላት።»

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

ቢሮው በር ዘግቶ ጮኸብኝ። በሩ መዘጋቱ ዋጋ አልነበረውም፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል።

«እናቴ ዘንድ ሄድክ! የሰው እናት! ጡረታህን ይዘህ ቤትህ መቀመጥ አቅቶህ!»

«ጥያቄው እንዲሟላ ነው የሄድኩት።»

«ፓን ትሂድ። ብቻዋን ትሂድ። ባዶ እጇን ከተመለሰች ለቦርዱ የማቀርበው ያንተንም ስም ነው። ኮንትራትህም ኦገስት መጨረሻ ያበቃል። አይታደስም።»

«መቼ እንደሚያበቃ አውቃለሁ። የተየብኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ለዩንሩ ስነግራት ስልኩ ውስጥ ጮኸች። የኮንትራቱን ነገር አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ ኦገስት 5

የሙታን ወር ገባ። ፋንግ ሙት እንዳይጣበቅበት ግድግዳ አይነካም፤ በደረጃው መሐል መሐል ነው የሚሄደው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ «እንደምን አደሩ» አልኩት።



እሑድ፣ ኦገስት 18

የዩንሩን ጉዞ እንደ ፈተና አርሜዋለሁ። ነገ ጃካርታ ታድራለች። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ፖንቲያናክ ትበራለች፣ ከዚያ በመኪና ወደ ሲንግካዋንግ። የወላጆቹ ስብሰባ ሐሙስ ነው። መኪናውን የሚነዳው የአክስቷ ባል ነው።

እናቷ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ መጡ። አጭር ሴትዮ፣ እጃቸው በኦይስተር ቅርፊት የተቆራረጠ።

«እማማ፣ የሙታን ወር ነው፤ አልፈሩም?» አልኳቸው።

«ምን ያስፈራኛል፣ መምህር? እዚያ ያሉት ሙታን ዘመዶቼ ናቸው። የማን ልጅ ናት ብለው ይጠይቋታል፣ ትነግራቸዋለች፣ ያሳልፏታል።»

ዩንሩ «እማዬ፣ ተይ!» አለች። አፍራለች። ደስ ብሏታልም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

ጭስ። ገበሬው መሬት እያቃጠለ ነው፤ ፖንቲያናክ በጭስ ተሸፍኖ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ወደ ጃካርታ ተመለሰ። ዩንሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደወለች። ድምፅዋ የሰባተኛ ክፍል ድምፅ ሆኗል።

ፋንግ ሰምቶ መጣ። ፊቱ በርቷል። በሰው መከራ እንዲህ የሚበራ ፊት አይቼ አላውቅም።

«ነገርኩህ። ሙታኑ አልወደዷትም።»

«ጭስ ነው።»

«ሙትስ ከጭስ በምን ይለያል? አስመልሳት።»

«ስብሰባው ሐሙስ ነው።»

«አስመልሳት አልኩህ!»

እሺ አላልኩትም። እምቢም አላልኩትም። ሲወጣ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ጭስ ጠዋት መሬት ላይ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታና ነፋስ ከባሕር ሲነሣ ከፍ ይላል። ይህን ለስንት ልጆች ሰሌዳ ላይ ሥያለሁ። የነገውን የከሰዓት በረራ ያዝኩላት።

ረቡዕ፣ ኦገስት 21

ከዩንሩ ድምፅ የለም። አየር መንገዱ አውሮፕላኑ ተነሥቷል ይላል። አርፏል አይልም።

ልጅቷን የላክኋት ለክፍሏ ነው ወይስ ፋንግን ለማናደድ? ትናንት ቢጠይቁኝ ለክፍሏ እል ነበር። ዛሬ... ሱላን ሾርባውን አስቀምጣልኝ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

ዓርብ፣ ኦገስት 23

ደረሰች! ለሁለተኛ ጊዜ ከመመለስ ለጥቂት ነው የተረፉት። ከዚያ መንገዱም በጭስ ተዘግቶ ኖሮ ስልክ በማይሠራበት መንደር አድረዋል። ስብሰባው ግን ትናንት ተካሂዷል። የጻፈችልኝ ረጅም ነው፤ ዋናውን እዚህ ልያዘው።

አዳራሹ ሞልቷል። በሃካ ስትናገር አሮጊቶቹ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጮኹ። የእናቷን አባት ስም ስትነግራቸው ግማሹ ዘመዷ ሆኖ ተገኘ። ስለ ኩሬ በሽታ ጠየቋት፣ መለሰች። መፈረሚያው ላይ ሲደርሱ ግን አንድ አባት ተነሡ።

«ልጅ ለሰው እንጂ ለትምህርት ቤት አይሰጥም። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ የእኛው ልጅ ነሽ። እዚያ ሲታመሙ ማን ይጠይቃቸዋል? በዓመት በዓል በማን ቤት ይበላሉ? ሽማግሌ ላኩልን። ፊቱን አይተን እንፈርማለን።»

ዩንሩ ሳታስብ የእኔን ስም ጠርታላቸዋለች። የሽማግሌውን ነገር መልስ እየጠበቀች አክስቷ ዘንድ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ትቆያለች። የመባረሬን ነገር እስካሁን አታውቅም።

ለፋንግም ሪፖርት ልካለች። አንብቦ ደረቱን ነፋ። «ሽማግሌ ነው የፈለጉት? እኔ አለሁ። የሙታን ወር ይውጣ እንጂ እሄዳለሁ። ጃካርታ ይምጡ።»

ዓርብ፣ ኦገስት 30

የመጨረሻ ቀን። ኩባያዬን፣ የአትላስ መጽሐፌን፣ ትንሿን የቁልቋል ተክሌን ይዤ ወጣሁ። ፋንግ ከክፍሉ አልወጣም። ልወጣ ስል ማተሚያው የጃካርታ ቲኬቱን አጋማሽ ላይ ነክሶ ቆመ። ከረጢቱ አሁንም ያው ጊዜው ያለፈው ነው። ፋንግ በክፍሉ ሆኖ ሲረግም እሰማለሁ።

ከእንግዲህ እኔን አይመለከተኝም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3

የሙታን በር ትናንት ተዘጋ። ዛሬ ለፓስፖርት ፎቶግራፍ ተነሣሁ። ለስንቱ ጉዞ ሳሰናዳ ኖሬ እኔ ፓስፖርት የለኝም። ፎቶ አንሺው «ፈገግ አይበሉ፣ መምህር» አለኝ። ፈገግ ማለቴንም አላውቅ ነበር።

ከዚያ ቤተ መቅደስ። አዎ፣ እኔ። ማንም አላስገደደኝም። እንጨቶቹን አንሥቼ ወረወርኩ። ሁለቱም ጠፍጣፋ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተኙ። ማዙ ትስቃለች ማለት ነው። ደግሜ ወረወርኩ። ሳቀች። እንደገና። አሁንም ሳቀች።

የፋንግ እናት አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። «ምን ብለው ጠየቋት?»

«‹ልሂድ ወይ?› አልኳት።»

«ስምዎን ነገሯት?»

አልነገርኳትም።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ማዙም፣ እሳቸውም። «ጥያቄ አውጪው!» አሉኝ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠራርገው ቀና አሉ። «ስለ ልጄ ጉዞ ገና አልጠየቅኋትም። እግሬን አሞኛል፣ ቤተ መቅደስ መሄድ አልችልም ብዬዋለሁ። ሳልጠይቅ ደግሞ አይሄድም።» ይህን የሚሉኝ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ተቀምጠው ነው።

እስከ መቼ ያማቸዋል? ፋንግ ይቅር አይለኝም፣ እኔም አልለውም፤ ይህ አልተለወጠም። ቤት ተመልሼ ለዩንሩ የላክሁትን እዚህ እገለብጣለሁ፤ ጥያቄው መሟላቱን ለማየት።

«ዩንሩ፣ እኔ ኬ ዢንግሹ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ከዩኒቨርሲቲው ከተሰናበትኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የማንም ወኪል አይደለሁም፤ ማኅተምም ማዕረግም የለኝም። ቤት አለኝ፣ ባለቤቴ ምግብ ትችላለች፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት ማድረስ እችላለሁ፣ ለአዲስ ዓመት ማዕዳችን ሰፊ ነው። ሱላንም እሺ ብላለች። እንዲህ ያለ ሰው ይሆናችኋል ወይ ብለሽ ወላጆቹን በሃካ ጠይቂልኝ። እንዳለ ንገሪያቸው፣ አታሳምሪው። መባረሬንም አትዝለዪው። እሺ ካሉ በረራው የከሰዓቱ ነው፣ እኔው እይዘዋለሁ። እምቢ ካሉም ልወቀው። የፋንግ እናት እግር ድኖ እሱ ቀድሞኝ እንዳይደርስ መልሱን በቶሎ ላኪልኝ። ማዙ ስቃብኛለች፤ አንቺ ግን መልሺልኝ።»